«ደሴት አይደለችም» ያልሁ ዕለት

ስጦታውን የመረጥሁት ያስቃቸዋል ብዬ ነበር። ብራስልስ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ስመለስ፣ አንትወርፕ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍትና ሥዕሎች ከሚሸጡበት አንድ ጠባብ ሱቅ የገዛሁት የካርታ ቅጂ ነው። ዋናው ካርታ እ.ኤ.አ. በ1595 በዚያችው ከተማ ታትሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተሠራው ጃፓንን ለማሳየት ነው። በግራ በኩል ግን፣ ከቻይና ጠረፍ ተነጥላ፣ ወደ ታች እየቀጠነች የምትወርድ ካሮት የመሰለች አንዲት ደሴት አለች። በላይዋ በላቲን «ኮሬያ ኢንሱላ» ተብሎ ተጽፎባታል። ኮሪያ ደሴት ማለት ነው።

ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ከተማ ውስጥ ቤት ያከራዩኝ አሮጊት ከሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ሃልሞኒ» እላቸዋለሁ፤ አያቴ እንደማለት ነው። ለቹሶክ፣ ማለትም ለመኸር በዓላቸው፣ ባዶ እጄን መሄድ አልወደድሁም። ካርታውን መስተዋት ባለው ክፈፍ አስገብቼ ወሰድሁላቸው። ለበዓሉ የጋገሩትን የሩዝ ቂጣ አቅርበውልኝ ነበር። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ካርታውን ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት።

«ይህ የት አገር ነው?»

«የእርስዎ አገር ነው። የዛሬ አራት መቶ ዓመት አውሮፓውያን ኮሪያን ደሴት ትመስላቸው ነበር። ደሴት አይደለችም፤ ያኔ ግን አላወቁም።»

ዝም አሉ። ቆየት ብለው ቀና አሉና «ልጄ፣ አንቺ አገርሽ ስትሄጂ በምን ትሄጃለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«በአውሮፕላን።»

«ለአውሮፕላን ገንዘብ የሌለው ሰውስ?»

«በመርከብ ይመስለኛል።»

«በእግሩ መሄድ የፈለገስ?»

መልስ አልነበረኝም። ክፈፉን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው መስተዋቱን በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉት። «እንግዲያው አልተሳሳቱም» አሉ። «ቀድመው ነው የሣሉት።»

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ያቺ አነጋገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም። እኔ ያመጣሁት የሌሎችን አላዋቂነት የሚያሳይ ወረቀት ነበር። እሳቸው በዚያው ወረቀት የእኔን አሳዩኝ። ሦስት ዓመት የኖርሁበትን አገር ካርታ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ከሰሜን በኩል በሩ የተዘጋ ቤት መሆኑን ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብሁትም።

ማንን ጠየቁ?

ካርታውን እንደገና ማጥናት ጀመርሁ። በጥድፊያ ያየሁት ነገር ብዙ ነበርና።

አሳታሚው አብርሃም ኦርቴሊየስ ይባላል። በ1570 «የዓለም መድረክ» የሚል ትርጉም ያለው ትልቅ የካርታ መጽሐፍ አንትወርፕ ውስጥ አሳተመ። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት የመጀመሪያው ዘመናዊ አትላስ የሚሉት እሱን ነው። ኦርቴሊየስ እስያን አላየም። የእሱ ሙያ መሰብሰብ ነበር፦ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የሌሎችን ሥራ ያሰባስባል፣ በመዳብ ሰሌዳ አስቀርጾ ያትማል፣ የሠሪውንም ስም ያሰፍራል። ይህ የመጨረሻው ልማዱ በጣም ያስከብረዋል፤ በዚያ ዘመን የሰው ሥራ ወስዶ ዝም ማለት የተለመደ ነበርና። የጃፓኑ ካርታ ባለቤት ፖርቹጋላዊው ሉዊስ ቴሼይራ መሆኑን የምናውቀው ስሙ እዚያው ወረቀቱ ላይ ስለተቀረጸ ነው።

አሁን ያንኑ አንድ ወረቀት ቀኝና ግራውን አስተያዩት። በቀኝ ያለችው ጃፓን፣ ምንም እንኳ ከሚገባው በላይ ወደ ምሥራቅ የተጋደመች ብትሆንም፣ ጃፓን መሆኗ ይታወቃል። ክፍላተ አገሯ በየስማቸው ተጽፈዋል። ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ካርታው የተመሠረተው ጃፓናውያን ራሳቸው ለዘመናት ሲሥሉት በኖሩት የአገራቸው ሥዕል ላይ ነው። በግራ ያለችው ኮሪያ ግን ባዶ ናት ማለት ይቻላል። ደቡባዊ ጫፏ «የሌቦች ጫፍ» የሚል የፖርቹጋል ስም ተሰጥቶታል። ስሙን ባነበብሁ ቁጥር የአንድ መርከበኛ ድምፅ ይሰማኛል፦ «እዚያ ጋ አትጠጉ» የሚል። ከባሕር ላይ ሆኖ፣ ከሩቅ፣ በፍርሃት የታየ አገር ነው። ከባሕር ላይ ሆነው ሲያዩት ደግሞ አገር ሁሉ ደሴት ይመስላል።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1596፣ ሆላንዳዊው ያን ኸይኸን ቫን ሊንስሆተን ያሳተመው መጽሐፍ ኮሪያን ይባስ ብሎ ክብ አድርጎ አወጣት፤ እንደ ምጣድ ያለች ክብ ደሴት። ሊንስሆተን በሕንድ ጎአ ከተማ የፖርቹጋሉ ሊቀ ጳጳስ ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል የሰማውንና ያየውን የፖርቹጋሎች ምሥጢር ሁሉ መዝግቦ አገሩ የገባ ሰው ነው። ቻይናም ጃፓንም አልሄደም። ከሄዱት ሰማ። የሄዱት ደግሞ ኮሪያን በሚመለከት ከሌሎች ሰሙ።

በዚያው ዘመን ኮሪያን የረገጠ አንድ አውሮፓዊ ነበር። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ግሪጎሪዮ ደ ሴስፔዴስ በ1593 መጨረሻ ደቡባዊው ጠረፍ ላይ ደረሰ። የደረሰው ግን ኮሪያን ከወረረው የጃፓን ጦር ጋር፣ ክርስቲያን የነበሩትን የወራሪውን ወታደሮች ሊያገለግል ነው። የኖረውም በወራሪው ምሽግ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ኮሪያን በእግሩ የረገጠው ሰው እንኳ ያያት ከጠላቷ በር ሆኖ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም የእኔም ኮሪያ በአንድ በር ብቻ የገባች ነበረች። አዲስ አበባ ውስጥ ኮሪያ ከአገር ስም በፊት የሰፈር ስም ናት፤ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የሰፈሩባት። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የነበሩ አንድ ዘማች ስለ ኮሪያ ሲያወሩ የሚነግሩን ስለ በረዶው፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ሌሊት ተኩስ ነበር። ቹንቾን መጥቼ ኢትዮጵያውያኑን የሚያስታውሰውን ሐውልት ባየሁ ጊዜ አለቀስሁ። ግን እውነቱን ልናገር፤ እኔም እንደ መርከበኛው ነበርሁ። የማውቀው ወታደሩ ያየውን ጠረፍ ብቻ ነው። ከኮረብታው ጀርባ ማን ይኖር እንደነበር፣ ተኩሱ ሲቆም ማን ከየት ተቆርጦ እንደቀረ አልጠየቅሁም። ሃልሞኒን ሦስት ዓመት «ደኅና አደሩ» ስላቸው፣ የት ተወለዱ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

እኛም በዚያው መጽሐፍ

ያው የኦርቴሊየስ መጽሐፍ፣ ያ ኮሪያን ደሴት ያደረገው፣ የእኛንም ካርታ ይዟል። በ1573 የተጨመረ ነው። ርእሱ የአቢሲኒያውያን ግዛት፣ የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ አገር የሚል ነው። ግዛታችን ከቀይ ባሕር ጀምሮ ከምድር ወገብ በታች እስከ «የጨረቃ ተራሮች» ይዘልቃል። ዓባይ ከደቡብ፣ ከሁለት ግዙፍ ሐይቆች ይነሣል። የንጉሡ ትውልድ እስከ ዳዊት ድረስ ተቆጥሮ በጽሑፍ ሰፍሯል። ከዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ «የአማራ ተራራ» የሚል አለ፤ የንጉሡ ልጆች በጥበቃ ሥር የሚቀመጡበት ነው ይላል። ሳነበው ደነገጥሁ። አምባ ግሸን ነዋ! ትልቁን የተሳሳተ ካርታ ትንሽ እውነት ውስጡ ቁጭ ብላ ታበራዋለች። ያቺን እውነት የተናገረ ሰው ነበረ። በ1520 ከፖርቹጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት የተቀመጠው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከአገሬው የሰማውን በመጽሐፍ አሳትሞ ነበርና።

ስለ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ያለው ታሪክ ደግሞ እኛንና ምሥራቅ እስያን በአንድ ክር ያስራል። በ12ኛው መቶ ዘመን ወሬው አውሮፓ ሲደርስ ያ ክርስቲያን ንጉሥ የሚፈለገው በእስያ ነበር፤ ከፋርስ ማዶ፣ በኋላም በሞንጎሎች ምድር። ተጓዦች ሄደው አጡት። በ14ኛው መቶ ዘመን ንጉሡን ከነዙፋኑ አንሥተው ኢትዮጵያ ላይ አስቀመጡት። ካርታ ሠሪው ስህተቱን ከመጣል ይልቅ ቦታ መቀየር ቀለለው። የኮሪያ ደሴት ስህተት እንዲህ ያለ ነፋስ ቢነፍስባት ኖሮ የት ትቆም ነበር እያልሁ አስባለሁ።

አውሮፓውያንን ብቻ ወቅሼ እንዳላልፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ካርታ ነው። ኮሪያውያን በ1402፣ ማለትም ኮሪያ በአውሮፓ ወረቀት ላይ ደሴት ከመሆኗ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ የዓለምን ካርታ ሠርተዋል። ከቻይና ያገኟቸውን ሁለት ካርታዎች አዋሕደው፣ የራሳቸውንና የጃፓንን ጨምረው። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል፤ በኋላ ከተገለበጡት አንዱ ኪዮቶ ውስጥ ይገኛል። የዚያን ግልባጭ ሴኡል ውስጥ አይቼዋለሁ። በግራው ጠርዝ ላይ አፍሪካ አለች! ፖርቹጋሎች የደቡብ አፍሪካን ጫፍ የዞሩት በ1488 ነው፤ ይህ ካርታ ከዚያ ሰማንያ ስድስት ዓመት ቀድሞ የአህጉሩን ሹል ጫፍ ወደ ደቡብ አድርጎ ሥሏል። ወሬው በእስላም ሊቃውንትና በሞንጎሎች መንገድ የደረሳቸው ነው።

ነገር ግን ጠጋ ብዬ አገሬን ስፈልግ ውሃ አገኘሁ። የአፍሪካ ሆድ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነው፤ የብሱ ዙሪያውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ይከበዋል። ኮሪያ ራሷ ደግሞ ከጃፓን እጅግ የምትበልጥ፣ ከመላው አፍሪካ ጋር የምትፎካከር ሆና በቀኝ በኩል ቆማለች። እሷ በራሷ ካርታ ደሴት አይደለችም፤ ከዋናው ምድር ጋር በሰፊው የተያያዘች ባሕረ ገብ መሬት ናት። የራሷን ቅርጽ በሚገባ ታውቀዋለች፤ የእኛን ግን ከሩቅ፣ በሰው ሰው ሰምታ፣ ውሃ አድርጋዋለች። ያን ቀን ከሙዚየሙ ስወጣ ቅሬታዬ ሁሉ በርዶ ነበር። ሩቅ ያለ ሰው ሩቅ ያለውን አገር የሚሥለው በደረሰው ልክ ነው።

ደሴቷ እንዴት ጠፋች

ደሴቷን ያጠፋት አዲስ መርከብ አይደለም። ይህ በጣም ያስደንቀኛል።

ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ማርቲኖ ማርቲኒ ቻይና ውስጥ ለዓመታት ኖሮ፣ የቻይናውያንን የካርታ መጽሐፍ ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በ1655 አምስተርዳም ውስጥ በታዋቂው ያን ብላው ማተሚያ ቤት 17 ካርታዎች ያሉት አትላስ አወጣ። በዚያ ላይ ኮሪያ ከምድሩ ጋር ተያያዘች። ማርቲኒ ኮሪያን ዞሮ አልለካም። ቻይናውያን ግን ከሁለት ትውልድ በፊት ኮሪያን ከጃፓን ወረራ ለማዳን ጦራቸውን በእግር ልከው ነበር። ወታደሩን በየብስ የሸኘ አገር፣ ያ የሄደበት ምድር ደሴት ነው ሊል አይችልም።

ከዚህም በኋላ ስህተቱ ወዲያው አልሞተም። የእንግሊዙ ጆን ስፒድ በ1626 ያስቀረጸው፣ ኮሪያን ደሴት አድርጎ የሚያሳየው የቻይና ካርታ በ1676 እንደገና ታትሞ ተሸጧል። የመዳብ ሰሌዳ ውድ ነው፤ አንዴ ከተቀረጸ እስኪያልቅ ያትሙበታል። እውነት ሲመጣ ሰሌዳው አሁንም መጋዘን ውስጥ አለ፤ ገንዘብ የፈሰሰበት ስለሆነ አይጣልም። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጠራል፤ ግን አንዳንዱ ንጋት የነጋዴ መጋዘን ሲከልለው ሃያ ዓመት ያረፍዳል።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ምስክር ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ሃሜል ነው። በ1653 የተሳፈረባት መርከብ በጄጁ ደሴት ጠረፍ ተሰበረች። ከ64ቱ ሰዎች 36ቱ ተረፉ። በዚያ ዘመን የኮሪያ ነገሥታት የገባ እንግዳ እንዳይወጣ ያግዱ ስለነበር ሃሜል 13 ዓመት ተይዞ ኖረ። በ1666 ከሰባት ጓደኞቹ ጋር በጀልባ አምልጦ ጃፓን ገባ። ያየውን ሁሉ ይሠራበት ለነበረው የንግድ ኩባንያ ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1668 ታተመ። እዚያ ውስጥ ስለ አገሪቱ አቀማመጥ ሲናገር በሰሜን በኩል አንድ ረጅምና ከፍተኛ ተራራ ከዋናው ምድር ጋር እንደሚያገናኛት፣ ደሴት እንዳትሆን የሚከለክላት እሱ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል።

ይህን ያነበብሁት ከቹሶክ በኋላ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ኩሽና ወረድሁና ሃልሞኒ ጎመን በርበሬ ሲቀቡ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ምንም አላልኋቸውም። አንድ ሰው 13 ዓመት መውጫ ሲፈልግ ኖሮ፣ ይህችን አገር ደሴት ከመሆን የሚያድናት አንድ ተራራ ብቻ መሆኑን አይቶ ጻፈ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ተራራው እዚያው እያለ መንገዱ ጠፋ።

የመጨረሻውን፣ ዛሬ የምናውቀውን የመሰለ ቅርጽ ለአውሮፓ ያሳየው ፈረንሳዊው ካርታ ሠሪ ዳንቪል በ1737 ነው። እሱም ከፓሪስ እምብዛም ሳይርቅ የኖረ ሰው ነበር። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ከ1708 ጀምሮ ኢየሱሳውያንን አሰማርቶ ግዛቱን አስለክቶ ነበር፤ ኮሪያ ግን እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። ታዲያ ቅርጿ ከየት መጣ? ወደ ሴኡል የተላከ የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ከቤተ መንግሥቱ ካርታ ተገልብጦ የተሠራ ይዞ ተመለሰ። ኮሪያን ያስተካከላት ኮሪያውያን ራሳቸው የሣሉት ሥዕል ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ሆኗል። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 ያሳተመው የኢትዮጵያ ካርታ የኦርቴሊየስን ግዙፍ ግዛትና የደቡብ ሐይቆቹን የሌሉ አድርጎ፣ አገራችንን ወደ እውነተኛ ልኳ ሲመልስ፣ ከአጠገቡ የነበረው እውቀት የአባ ጎርጎርዮስ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጎታ ወደሚባለው የጀርመን ከተማ ተጉዘው ከሉዶልፍ ጋር ተቀምጠዋል፤ ይጠይቃቸው ነበር፤ ይመልሱለት ነበር። ስማቸውን ሉዶልፍ አልደበቀም። ለሴኡሉ የቤተ መንግሥት ካርታ ሠሪ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም፤ በፓሪሱ ካርታ ላይ ያለው ስም የዳንቪል ነው።

የመጽሔቱ ካርታ

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ስህተት በወረቀት ላይ የቀረ ስህተት ነው። ኮሪያ ደሴት ናት ተብሎ በታተመበት ዓመት አንድም ኮሪያዊ ገበሬ መንገድ አልተዘጋበትም። ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ ወደ ቻይና ይሄድ ነበር። ሃልሞኒ «ቀድመው ነው የሣሉት» ያሉት ግን የሚያመለክተው ሌላ ካርታ ነው።

ነሐሴ 1945፣ ከ10 ወደ 11 በሚነጋው ሌሊት፣ ዋሺንግተን ውስጥ ሁለት የጦር መኮንኖች፣ ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል፣ ኮሪያን ለአሜሪካና ለሶቪየት ጦር የሚከፍል መስመር እንዲያቀርቡ ታዘዙ። የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እጃቸው ላይ የነበረው የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ካርታ ነበር። ዋና ከተማዋ በደቡብ በኩል እንድትቀር ፈለጉ፤ ተራራም ወንዝም የሚያመቻቸው አላገኙም፤ 38ኛውን መስመረ ኬክሮስ መረጡ። ካርታው ትክክል ነበር! ባሕረ ገብ መሬቷ በልኳ ተሥላለች፤ ተራሮቿ በቦታቸው ናቸው። ግን ያን ሌሊት አንድ ኮሪያዊ አልተጠየቀም። ቴሼይራ በተሳሳተ ካርታ ማንንም አልጎዳም፤ እነዚህ ሁለቱ በትክክለኛ ካርታ አገር ቆረጡ። እኔ እስከ ዛሬ የካርታን ጥሩነት የምለካው በቅርጹ ትክክለኛነት ነበር። አሁን በዚያ አልተማመንም።

ሃልሞኒ የተወለዱት ኬሶንግ ነው። የነገሩኝ ያን የቹሶክ ምሽት፣ ካርታው ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው። ኬሶንግ ከ38ኛው መስመር በታች ስለነበረች መኮንኖቹ ባሠመሩት መሠረት የደቡብ ከተማ ሆነች። አባታቸው ኬሶንግ የታወቀችበትን ጂንሰንግ የሚሉትን ሥር ያመርቱ ነበር። በ1951 ጥር ብርድ፣ እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ እናታቸው «ለሦስት ቀን ነው» ብለው ይዘዋቸው ወደ ደቡብ ወጡ። አባታቸው ቤት ሊጠብቁ ቀሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የተኩስ አቁም ድርድሩ የተጀመረው እዚያችው ኬሶንግ ውስጥ ነበር። ሐምሌ 27 ቀን 1953 ስምምነቱ ሲፈረም አዲሱ መስመር ከ38ኛው ጋር አልገጠመም፤ ከተማዋ በሰሜን በኩል ቀረች። አራት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሰው የማይሻገረው ቀጠና ከባሕር እስከ ባሕር ተዘረጋ። ሃልሞኒ አባታቸውን ከዚያ በኋላ አላዩም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ሃልሞኒ ኬሶንግን በስድስት ዓመታቸው ነው ያዩት፤ የሚያስታውሱት ሶንጁክ የሚባለውን ትንሹን የድንጋይ ድልድይና የአባታቸውን የጂንሰንግ መደብ ጥላ ነው። ይህ ማየት ከሆነ አይተውታል። በቹሶክ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ የአባቶቹን መቃብር ሲያጸዳ፣ ከሰሜን የመጡት ኢምጂንጋክ ወደሚባለው ስፍራ ሄደው፣ ወደ ሰሜን ዞረው ይሰግዳሉ። ሃልሞኒ ድሮ ይሄዱ ነበር፤ ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ቀርተዋል።

እኔ ሄድሁ። በኅዳር ቀዝቃዛ ቀን ከሴኡል በሰሜን ወዳለው የዶራሳን ባቡር ጣቢያ ደረስሁ። አዲስ፣ ሰፊ፣ ንጹሕ ጣቢያ ነው። ሰው ግን እምብዛም የለበትም። ሐዲዱ አጠገብ በአንድ በኩል «ሴኡል 56 ኪሎ ሜትር»፣ በሌላው በኩል «ፒዮንግያንግ 205 ኪሎ ሜትር» የሚል ምልክት ቆሟል። ያን ምልክት ሳይ ያሰብሁት ሯጩን ሶን ኪ ቹንግን ነው። የተወለደው በሰሜን ጠረፍ፣ ከቻይና ወንዝ ማዶ ባለችው ሲኑዪጁ ነው። በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው፣ አገሩ በጃፓን ተይዛ ስለነበር የጃፓንን ባንዲራ ደረቱ ላይ አድርጎ ነው። በርሊን የደረሰውም በባቡር ነበር፤ ከኮሪያ ተነሥቶ በማንቹሪያና በሳይቤሪያ አቋርጦ። በቅኝ ግዛት ሥር ያለ ኮሪያዊ በሐዲድ አውሮፓ ይደርስ ነበር። አበበ ቢቂላ በ1966 ከኢንቾን እስከ ሴኡል የተካሄደውን ማራቶን ሲያሸንፍ ያ ሐዲድ ተቆርጦ ነበር። ነጻ የሆነው ኮሪያዊ ከአገሩ የሚወጣው በባሕር ወይም በሰማይ ብቻ ነው። ደሴት ማለት ሌላ ምን ማለት ነው?

ከጣቢያው ስመለስ ሃልሞኒ የት እንደዋልሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ካርታውን ኩሽናቸው ውስጥ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ሰቅለውታል። አወረዱትና ክፈፉን ገለበጡት፤ ወረቀቱን እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ እርሳስ ሰጡኝ።

«ኬሶንግን አድርጊልኝ» አሉ።

ካርታውን አየሁት። መሥፈሪያው አይሠራም፤ ጠረፉ ትክክል አይደለም፤ ወንዝ የለም፤ የማውቀው ቅርጽ የትም የለም። በስልኬ የዛሬውን ካርታ ከፍቼ ላስተያይ ሞከርሁ፤ ካሮቷ ላይ አንዱም አልገጥም አለ። እርሳሱን እንደያዝሁ ቆየሁ።

«የት ላድርገው ሃልሞኒ?»

ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ። «ይህ ሁሉ ባሕር ነው አይደል? እንግዲያው ሴኡል እዚህ ትሁን» አሉ፤ ጣታቸውን መሐሉ ላይ አሳርፈው። «ከእሷ ወደ ላይ። አይ፣ ብዙ አይደለም፤ በእግር የሚመጣ መንገድ ነው፤ እናቴ አዝላኝ ነው የመጣችው። ትንሽ ወደ ግራ። እዚያ።»

ነጥቡን አደረግሁ። እርሳሱን ከእጄ ወሰዱና፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በራሳቸው ፊደል ስሙን ጻፉበት።